የኢታንግ ጎርፍ ወይስ የሦስት ሳምንት ጥናት፤ የቱ ይረክሳል?

በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ባሮ ሞልቶ ሲፈስ ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በጋምቤላ የዘራውን በቆሎ ውኃ በላው። ኩባንያው የደረሰበትን ጉዳት ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ገመተው። በወቅቱ ምንዛሪ ከ250 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ነው። መሬቱን የተዋዋለው ገና ከአንድ ዓመት በፊት፣ በጥቅምት 2003 ነበር፤ በኢታንግና በጂካዎ 100 ሺህ ሄክታር፣ ለ50 ዓመት፣ በሄክታር 20 ብር የዓመት ኪራይ። ቀሪውን ነጋዴ በጣቱ ያሰላዋል። በውሉ መሠረት የዓመቱ ኪራይ 2 ሚሊዮን ብር ነው። ስለዚህ አንድ ጎርፍ ከመቶ ዓመት ኪራይ የበለጠ ይዞ ሄደ ማለት ነው። ውሉም በታኅሣሥ 2008 ተሰረዘ።

ኩባንያው ይህን ያህል ውኃ አልጠበቀም ነበር። የኢታንግ ሰው ግን ይጠብቃል። የአኙዋክ ገበሬ ውኃው ሲሸሽ የወንዙን ዳር ተከትሎ በቆሎ ይዘራል። የኑዌር ከብት አርቢ በበጋ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ በክረምት ወደ ከፍታው ይወጣል። ይህ የቀን መቁጠሪያ በየትኛውም የሊዝ ውል ላይ አልተጻፈም። አዲስ አበባ ላይ የሚዞረው ካርታ ሜዳውን እንጂ ውኃውን አያሳይም፤ ደላላውም ካርታውን ይዞ የሚመጣው በበጋ ነው።

በዚህ የተጎዳው የውጭ ኩባንያ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ክረምት በዚያው ክልል የሌትቹር የስደተኞች መጠለያ በጎርፍ ተውጦ በኋላ ሰዉ ወደ ጀዊ እንዲዛወር ተደርጓል። ለእርሻ ኢንቨስትመንት ጋምቤላ የወረዱ የከተማ ባለሀብቶችም አንዱ መሬት ለሁለትና ለሦስት ሰው ተሰጥቶ፣ የባንክ ብድር ተንጠልጥሎ የደረሰባቸውን ጣጣ የዚህ ገጽ አንባቢ አይዘነጋውም። በ2008 ዓ.ም. መንግሥት አጣሪ ልኮ መደራረቡን ያረጋገጠው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ስለ ጋምቤላ ጥናት የለም ወይ ነው። አለ እንጂ! ግን ያለበትን ቦታ ልብ ይሏል። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ አኙዋክ ጽፏል። ጃፓናዊው ኤይሴ ኩሪሞቶ ዓመታት ለፍቶበታል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ከ1904 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የነበረውን የጋምቤላ ንግድ አጥንተዋል፤ ቡናው ከጎሬና ከሰዮ ወርዶ በባሮ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይሄድ የነበረበትን፣ ጀልባውም ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት ብቻ ይመላለስ የነበረበትን ዘመን ማለት ነው። ያንን የውኃ አቆጣጠር የዘመኑ ነጋዴ በቃሉ ያውቀው ነበር። ዶክተር ደረጀ ፈይሳ ስለ አኙዋክና ኑዌር ግንኙነት የጻፉት ትልቅ ሥራ የተሠራው በጀርመኗ ሃሌ ከተማ በሚገኝ ተቋም ድጋፍ ነው። ጥናቱ ኢትዮጵያዊ፣ ኪሱ ግን የሌላ ነው። የጥናቱን ርዕስም ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ባለኪሱ ነው።

ከዚህ ላይ ነው የዩኒቨርሲቲዎቻችን በጀት የሚነሣው። ዛሬ ጋምቤላ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ኢታንግ ደግሞ ከከተማው ወደ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ግድም ናት። የጎደለው ጀማሪ ተመራማሪውን ከመረጃውና ከአንጋፋው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሚያሳድር አዳሪ ዐውደ ጥናት ነው። አሠራሩ እንግዳ አይደለም። ናይሮቢ የሚገኘው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ጥናት ኮንሶርሺየም ከተቋቋመበት ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገነነው በዚሁ ነው፤ ወጣቱ ኢኮኖሚስት የጥናት ንድፉን ይዞ ይመጣል፣ አንጋፋዎቹ ያብጠለጥሉታል፣ ሄዶ ይሠራል፣ ውጤቱን ይዞ ተመልሶ እንደገና ይብጠለጠላል። የዳካሩ ኮዴስሪያም ወጣት ምሁራንን ለሳምንታት አሰባስቦ ያስጠናል። አዲስ አበባ የተቀመጠው ኦስሪያም በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ደረጃ ለወጣት ተመራማሪዎች የምርምር ዘዴ ሥልጠናና ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። ሦስቱም በአመዛኙ በውጭ ለጋሾች ገንዘብ የቆሙ ናቸው። የለጋሽ ገንዘብ እንዴት እንደሚደርቅ ደግሞ ዩኤስአይዲ በ2025 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ሁሉም አይቷል።

እኛ ጋ ወርክሾፕ ሲባል ቢሾፍቱ ወይም አዳማ፣ ሆቴል፣ የሁለት ቀን አበልና የፕላስቲክ ማኅደር ነው። ነጋዴው «ለዚህ ነው እንዴ ግብር የምከፍለው?» ቢል አይፈረድበትም። አዳሪው ዐውደ ጥናት ግን በሌላ ሒሳብ መሠራት አለበት። አስራ አምስት ጀማሪ መምህራን፣ ሦስት ሳምንት፣ የዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍልና ካፌ፣ አንድ አውቶቡስ፣ አራት አንጋፋ። አበል በጥሬው አይከፈልም፤ አልጋውና ምግቡ ይቀርባል። ለአበል የሚመጣው ሰው በዚህ ብቻ ይቀራል፤ ይህ ራሱ ቁጠባ ነው። ጠዋት ጽሑፍ ይተቻል፣ ከሰዓት በኋላ ኢታንግ ተወርዶ ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ ገበሬው ይጠየቃል፣ በየቀበሌው ምልክት ይደረጋል። ያለቀ ጽሑፍ ያላስረከበ ተሳታፊ በሚቀጥለው ዓመት አይጋበዝም።

አስቸጋሪው ወቅቱ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ባሮ እየሞላ ነው። ገንዘቡ ተፈቅዶ፣ ግዥው አልቆ ወደ እጅ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ከዚያ በሰኔ ጥድፊያ ይሆናል፤ ያልተበላው ሰኔ 30 ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ኢታንግ ላይ ሥራ የሚሠራው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ስለዚህ ለዐውደ ጥናቱ የሚመደበው ገንዘብ እስከ ኅዳር ካልተለቀቀ እቅዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ሙሉ ድምር በጀት የሚያዙበት አሠራር ቢሰፋ ይህን ቋጠሮ በከፊል ይፈታል።

የጸጥታው ነገር ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በኢታንግ ልዩ ወረዳ ደም ያፋሰሰ ግጭት ነበር። ልጆቹን ወደዚያ መላክ አደጋ አለው የሚል ወላጅም ሆነ የትምህርት ክፍል ኃላፊ እውነት አለው። ሆኖም ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ባለትራክተሩም ወደዚያው እየሄደ ነው። ተመራማሪው ብቻ ቀርቶ ገንዘቡ ቢሄድ ምን እንደሚከተል ካሩቱሪ አሳይቷል። መንገዱ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ጋምቤላ ከተማ ሆኖ ከኢታንግ የመጡ የአኙዋክ፣ የኑዌርና የኦፖ ተወላጆችን ማስተናገድ ይቻላል፤ ከምንም ይሻላል።

ገንዘቡ ከዩኒቨርሲቲው መጀመር አለበት፤ ርዕሱንም ዩኒቨርሲቲው እንዲመርጥ። ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ደግሞ ከጎን ቢገቡ ለበጎ አድራጎት አይሆንም። የትኛው ቀበሌ በየስንት ዓመቱ እንደሚጠለቅ የሚያውቅ ባንክ የእርሻ ብድር ጥያቄ ሲቀርብለት ዋጋ ያለው ነገር በእጁ አለ። በምላሹ ሊጠይቁ የሚገባቸው አንድ ነገር አለ፤ ጥናቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ከመውጣቱ ጎን በአማርኛ ተጨምቆ፣ ከካርታው ጋር፣ በክልሉ ኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። መሬት ሊኮናተር የሚሄደው ሰው ከፊርማው በፊት የሚያልፈው በዚያ ጠረጴዛ ነው።