ዜማው ከለቅሶ ቤት ይውጣ

በቅርቡ እዚህ ሬሆቮት፣ ኪርያት ሞሼ ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። አንድ ቄስ በግዕዝ ሲጸልዩ ሌሎቹ እየተቀበሉ ድንኳኑን በዜማ ሞሉት። አጠገቤ የነበረ ወጣት ጠጋ ብሎ በዕብራይስጥ «ምን እያሉ ነው?» አለኝ። አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

እናቶቼና አባቶቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። እዚህ አገር የተወለድነው ልጆች የቄሶቻችንን ዜማ የምንሰማው በለቅሶና በስግድ ብቻ ነው። ስግድ በ2008 በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን፣ ያውም ከሩቅ በድምፅ ማጉያ በመስማት ዜማ አይለመድም። በሰንበት የምንሄድበት ቤት ክኔሴት ጸሎቱ በዕብራይስጥ ነው። እሱም ጸሎታችን ነው፤ አልቃወምም። የአባቶቻችንስ ታዲያ የት ይሰማ?

የቤተ እስራኤል ዜማ እንደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በምልክት አልተጻፈም። ከቄስ ወደ ተማሪ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የመጣው። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካፍማን ሸለማይ በ1973 ኢትዮጵያ ድረስ ሄዳ የቄሶቻችንን ጸሎት በቴፕ ቀድታለች፤ በ1986 ደግሞ መጽሐፍ አሳትማለች። እኔም ስለ አያቶቼ ጸሎት መጀመሪያ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፉ ባለውለታችን ነው፤ ግን መጽሐፍ አይዘምርም። ቄሶቻችን ደግሞ እያረጁ ነው።

«ልጆቹ አይመጡም» ትላላችሁ። እናንተው አይደላችሁም እንዴ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያላችሁ ያሳደጋችሁን? ማን ጠራን?

አያቴ እንደምትነግረኝ፣ በአገር ቤት ጸሎትና መስተንግዶ አይለያዩም ነበር። ሰንበት ሲሆን እናቶች ዳቦ ይዘው ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፣ ቄሱ ይባርኩታል፣ ከዚያ ለትልቅም ለትንሽም ለእንግዳም ይቆረሳል። ልጅ መጀመሪያ በዳቦው ይመጣል፤ እየቆየ ዜማው ጆሮው ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። በወር አንድ ሰንበት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ሰፈራችን እንሰብሰብ። ቄሱ አንድ ጸሎት ብቻ ያሰሙን፣ ትርጉሙን በአማርኛ ይንገሩን፣ እኛ ወደ ዕብራይስጥ እንመልሰዋለን። ከዚያ እየተቀበልን እንሞክር። ሴቶች ልጆችም እንማር። ከዚያ ዳቦው ይቆረስ፤ ሞሮኳዊውም ሩሲያዊውም ጎረቤት ይጠራ፣ እንግዳ መቀበል ታውቁበታላችሁ። መቅዳት የሚፈልግ ከሰንበት በኋላ ቄሱን ለብቻ ይለምናቸው።

ግዕዙን ስናበላሽ ግን አትሳቁብን፤ አንዴ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አይመለስም። አርሙን። ብቻ ቀኑን ንገሩን፣ እንመጣለን።