«ዕጢ» ካልን ሚሊሜትሩንም እንናገር

በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ውስጥ አንድ ሰው አልትራሳውንድ ታይቶ «ሐሞት ከረጢትህ ውስጥ ዕጢ አለ» ከተባለ፣ ወሬው ሰፈር የሚደርሰው ካንሰር ሆኖ ነው። ቡራዩ የማውቃቸው እናት 4 ሚሊሜትር ለምታክል ነገር ላማቸውን ሊሸጡ ነበር! ቁጥሩ እኮ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ግን በእንግሊዝኛ።

ሐኪሞች ፖሊፕ የሚሉት ከከረጢቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ብቅ ያለ እብጠት ሲሆን፣ አብዛኛው የኮሌስትሮል ክምችት ነው፤ ይሄ ወደ ካንሰር አይለወጥም። የሚያሰጋው አዴኖማ የሚባለው ጥቂቱ ነው። ሁለቱን በአልትራሳውንድ መለየት ስለሚያስቸግር መጠኑ ይለካል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታደሰው የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ታማሚው ቀዶ ሕክምናውን የሚችል እስከሆነ ድረስ፣ ከረጢቱ ይውጣ ይላል። ከ6 እስከ 9 ከሆነ ዕድሜ (ከ60 በላይ) እና የእብጠቱ ቅርጽ ይታያል፤ ሌላ ስጋት ከሌለ በ6 ወር፣ በ1 ዓመትና በ2 ዓመት ክትትል ይበቃል። 5ና ከዚያ በታች ሆኖ ሌላ ስጋት ከሌለ ክትትልም አያስፈልግም።

በእኔ እምነት የጤና ዜና እንሠራለን የምንል ሁሉ «ዕጢ ተገኘ» ብለን ከማቆማችን በፊት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ መጠየቅ አለብን። 4 ያላት ላሟን እንዳትሸጥ ብቻ አይደለም፤ 12 ያለውም «አላመመኝም» ብሎ ቤቱ እንዳይቀመጥ ነው።