ለዩጋንዳ ጤና ሚኒስቴር፦ ሜታዶኑን ወደ ናሙዎንጎ አቅርቡልን



ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው አውቄ ነው። እንግሊዝኛው አብሮ ይደርሳችኋል። አማርኛው በናሙዎንጎ፣ በካባላጋላና በካንሳንጋ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ነው። ጉዳዩ በየቤታችን በር ተዘግቶ በሹክሹክታ የሚወራ ስለሆነ፣ ለእናንተ በግልጽ ስናገር ወገኖቼም ይስሙት።

የምኖረው ናሙዎንጎ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው። እንጀራ እየጋገርኩ ለካባላጋላ ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ታናሽ ወንድሜ ቦዳ ቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ) ሲነዳ ተጋጭቶ ጭኑ ተሰበረ። ሐኪሙ ለሕመሙ ትራማዶል አዘዘለት፤ አጥንቱ ተሰብሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ለሚያድር ሰው ማስታገሻ መታዘዙን አልቃወምም። የታዘዘለት ሲያልቅ ግን ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ መግዛት ጀመረ። በትንንሽ የወረቀት ከረጢት ተቆጥሮ ይሰጠዋል። ጭኑ ዳነ፣ ክራንቹን ጣለ፣ ከረጢቱ ግን አልቀረም። አንድ ቅዳሜ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ላሰጣ ብድግ ሳደርገው ከሥሩ ባዶ ከረጢቶች ረገፉ። ቆጥሬ ሰማንያ ላይ ስደርስ ተውኩት። ከከረጢቶቹ መሐል በመርፌ የሚወሰደው የፔቲዲን ማስታገሻ ሁለት የተሰበሩ ብልቃጦች ነበሩ።

ሐራራ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ቡና የቀረባት እናቴ ግንባሯን በሻሽ አስራ ስትቀመጥ ሐራራ ይዟት ነው እንል ነበር። የወንድሜን ሳይ ቃሉ አነሰብኝ። በላይ በላዩ ያዛጋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፣ ቆዳው እንደተነጨ ዶሮ ይሆናል። ብርድ ልብሱን ገፎ ይጥላል፣ ወዲያው መልሶ ይከናነባል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እግሮቹ አርፈው አይቀመጡለትም። ዘመድ ተሰብስቦ «ጨክኖ ይተወው» አለ፤ እኔም ከጨካኞቹ አንዷ ነበርኩ። ዘጠኝ ቀን በር ቆልፈን አስቀመጥነው። ሐራራው ለቀቀው፤ መብላት ጀመረ፤ እልል አልን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወጥቶ ድሮ የሚወስደውን ያህል ወሰደ። በእነዚያ ቀናት ሰውነቱ መድኃኒቱን መቻል ትቶ ነበር፤ ይህን እሱም እኛም አናውቅም። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እያንኮራፋ፣ ትንፋሹ እየራቀ አገኘነው። ኮንጎአዊት ጎረቤታችን አፏን በአፉ ገጥማ ስትተነፍስለት ነው እስከ ሆስፒታል የደረሰው። እንዲህ ያለውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሹን የሚመልስ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት እንዳለ የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያ ሌሊት በእጃችን የነበረው ውኃና ጸሎት ብቻ ነበር።

ስለ ሜታዶን የሰማነው ከዚህ በኋላ ነው። አገራችሁ በቡታቢካ ብሔራዊ ሪፈራል የአእምሮ ሆስፒታል በመድኃኒት የታገዘ የሱስ ሕክምና የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ታንዛኒያ በሙሂምቢሊ ሆስፒታል በ2011፣ ኬንያ በማታሪ ሆስፒታል በ2014 ቀድመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሕክምና የሚውሉትን ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባቸው ደግሞ ከዚያም በፊት፣ በ2005 ነው። ነገሩ አዲስ የሆነው ለእኛ ቤት እንጂ ለዓለም አልነበረም።

ግን ውሳኔው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እናቴ ከደሴ ደውላ «ጸበል ይግባ እንጂ ሌላ መርዝ አታጠጡብኝ» አለች። አጎቴ «ከድጡ ወደ ማጡ» አለ። እኔም ሱስን በሱስ መተካት ሆኖብኝ ሦስት ሳምንት አመነታሁ። ብዙ ቤት በዚህ ማመንታት ላይ ሰው እየሞተበት ነውና፣ ያሳመነኝን ልንገራችሁ።

ፔቲዲን ከፍ አድርጎ ያወጣና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ የሱሰኛው ቀን የሚያልቀው የሚቀጥለውን በመፈለግ ነው፤ በመበደር፣ በመዋሸት፣ የእህቱን የጤፍ ገንዘብ በመውሰድ። ሜታዶንም የዚያው ወገን ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ቀስ ብሎ ገብቶ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። መጠኑ በሐኪም ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ከተስተካከለ፣ በቀን አንድ ጊዜ የጠጣው ሰው አይሰክርበትም፣ ሐራራም አይነሣበትም። ሰውነቱ መድኃኒቱን ይፈልጋል፤ ሕይወቱ ግን ፍለጋ መሆኑ ይቀራል። እሾህን በእሾህ የሚሉት አባቶቻችን እሾህ ስለሚወጣበት ዘዴ እንጂ እግር ላይ እሾህ ስለመጨመር ሲናገሩ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጣው ጥናት ከ122 ሺህ በላይ ሜታዶን የወሰዱ ሰዎችን ተከትሎ ነበር። በሕክምናው ላይ ሳሉ ከ1000 ሰው በዓመት 11 ገደማ ሲሞቱ፣ ከሕክምናው ሲወጡ 36 ሆነዋል። የእኛን አሥራ ሁለተኛ ቀን እዚያ ቁጥር ውስጥ አየሁት።

ለእናቴ ደግሞ የነገርኳት ሌላ ነው። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበል ለመጠመቅ ብለው መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። እናቴ ይህን ታስታውሳለች። ዝም ብላ ቆይታ «እንግዲያስ ጸበሉንም አይተው» አለችኝ። አልተወም።

ሁለት ሳምንት ትራማዶል የዋጠ ሁሉ ሜታዶን ይጠጣ እያልኩ አይደለም። በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ቀንሶ የሚተው ብዙ ነው። ቡፕረኖርፊን የሚሻለውም አለ፤ እሱ ትንፋሽን የማፈን አደጋው ያነሰ ነው፣ ግን ሐራራው ሳይጀምር ከተወሰደ ድንገተኛና የባሰ ሐራራ ያስነሣል። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ባለሙያ ነው። ታማሚው ግን የሚመርጠውን በሚገባው ቋንቋ መስማት አለበት፤ ወደ እናንተ ያመጣኝም ይህ ነው።

ወንድሜ ቡታቢካ ሲሄድ በመጀመሪያው ምርመራ ላይ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ጠያቂዋ መርፌ ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ተረጎምኩ። ወንድሜ መሬት መሬት አየና «የለም» አለ። ውሸቱን እንደሆነ ከአንገቱ አስተዋልኩ፤ ታላቅ እህቱ ፊት ምን ይበል? እኔም «የለም» ብዬ ተረጎምኩላት። በዚያ አንድ ቃል ምክንያት የሚያስፈልገው ምርመራ ሳይታዘዝለት ቀረ። ከሳምንት በኋላ ራሱ ተመልሶ፣ በተሰባበረ ሉጋንዳ፣ እኔ በሌለሁበት ተናገረ።

ሌላም አስቡ። ናሙዎንጎ ቤት በቤት ላይ የተደራረበበት፣ የሳንባ ነቀርሳ የማይጠፋበት ሰፈር ነው። የነቀርሳው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ሜታዶንን ከሰውነት ፈጥኖ ያስወጣዋል። ሰውየው ነቀርሳ እየታከመ መሆኑን መናገር ካልቻለ ሐራራው ይመለስበትና «አልሠራልኝም» ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ከዘመድ ሌላ የሆነ፣ ምስጢር የሚጠብቅና የሠለጠነ የአማርኛና የትግርኛ አስተርጓሚ እንድትመድቡ እለምናለሁ። በስልክም ቢሆን ይበቃል።

ሁለተኛው ልመናዬ ስለ መንገዱ ነው። ሜታዶን በየቀኑ፣ ባለሙያ እያየ፣ እዚያው ይጠጣል። ሦስት ቀን ተከታትሎ የቀረ ሰው መጠኑ እንደገና መታየት አለበት፤ አለዚያ የቀድሞው መጠን ራሱ ሊገድለው ይችላል። ከናሙዎንጎ በቡጎሎቢ ወደ ሉዚራ፣ ከዚያ ወደ ቡታቢካ በየቀኑ መሄድ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ የታክሲ ገንዘብ ሲጠፋ፣ ለቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የሰፈራችን ቅርብ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ኪሱጉ ነው፤ በእግር ይደረሳል። ቡታቢካ የጀመረውንና መጠኑ የተስተካከለለትን ታማሚ ኪሱጉ በየቀኑ ቢያጠጣልን፣ ብዙ ሰው አይወድቅም ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የውጭ ዕርዳታዋን ማገዷን ሳስብ፣ ሜታዶኑም እንዳይቋረጥ ብዬ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህ መድኃኒት ለሳምንት ቢቋረጥ የሚታገሡት አይደለም። እባካችሁ፣ የሜታዶኑ ግዢ ከአገሪቱ በጀት ይግባ።

ትራማዶልና ፔቲዲን ያለ ማዘዣ የሚሸጡትን ተቆጣጠሩ ስላችሁ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። ቁጥጥር ሲባል በካንሰር የሚሠቃየው ሰው ማስታገሻውን እንዲያጣ አልፈልግም። ዩጋንዳ በዚህ ለአፍሪካ ያሳየችው ምሳሌ አለ፤ ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረቱት ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳ፣ ከእኛው ማኪንዴ፣ የሚጠጣ ሞርፊን ለሕሙማን ያደርሳል፤ ከ2004 ጀምሮም የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዙት ሕጉ ፈቅዷል። ሞርፊንን ለሚያስፈልገው በጥንቃቄ ማድረስ የቻለ መንግሥት ሜታዶንንም በዚያው ጥንቃቄ ኪሱጉ ማድረስ አያቅተውም።

ወንድሜ አሁን ሰባተኛ ወሩ ነው። ያንን የጤፍ ገንዘብ በሁለት ጊዜ መልሶልኛል። ባለፈው ሳምንት በኢንዱስትሪያል ኤሪያ ከአንድ መጋዘን የጫኝነት ሥራ አግኝቷል፤ ሥራው ጠዋት በ1 ሰዓት ይጀምራል፣ የቡታቢካ ደርሶ መልስ ደግሞ ጠዋቱን ይበላዋል። ለአሠሪው እስከ ሰኞ መልስ ስጥ ተብሏል። ትናንት ማታ እንጀራ ሳወጣ አጠገቤ ተቀምጦ «ሥራውን ልያዝ ወይስ መድኃኒቱን?» ብሎ ጠየቀኝ። መድኃኒቱን አልኩት። ሁለቱንም እንዲይዝ ማድረግ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።


ናሙዎንጎ፣ ካምፓላ