ስለ ሐምራዊው የችግኝ መብራት፤ ያኔ ተሳስቼ ነበር

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል፤ የብር ጉዳይ ስለሆነ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት ድሮ ፊዚክስ ያስተማርኳት ልጅ በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። "ቲቸር፣ ዕቁብ ወጣልኝ። ያኔ እርስዎ የለጠፉትን ዓይነት ሐምራዊ መብራት ስድስት ገዝቼ ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ ሰላጣና በሶብላ ላበቅል ነው። ከአንድ ምግብ ቤት ጋር ተነጋግሬያለሁ። ሻጩ እያንዳንዱ 1000 ዋት ነው ብሎኛል። ምን ይላሉ?"

አንብቤ ደነገጥኩ። ፖስቱ የእኔ ነዋ! ለሳይንስ ክበባችን አንድ ሐምራዊ መብራት ገዝተን፣ የጎመን ችግኝ ከሥሩ ደርድረን፣ "የወደፊቱ ግብርና" ብዬ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ላይክና ሼሩ ብዙ ነበር። ያልነገርኳችሁ ነገር ግን አለ። ችግኞቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ክር ቀጥነው ወደቁ። ያንን ፎቶ አልለጠፍኩም። ዛሬ ልናዘዝ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ማመኔ ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ሳልለካ አመንኩ። በኋላ ነው መብራቱን ቤት ወስጄ በቆጣሪ የለካሁት። ዘዴው ቀላል ነው፤ እናንተም ሞክሩት። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉና መብራቱን ብቻ ሶኬት ላይ ሰኩ። ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ 1000 ወይም 1600 የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንቴ ብልጭ እንደምትል ማለት ነው። ቁጥሩ 1000 ከሆነ 3600ን በሁለት ብልጭታ መካከል ባለው ሰከንድ አካፍሉ፣ ዋቱን ታገኛላችሁ። የእኔ በ40 ሰከንድ አንዴ ነበር ብልጭ የሚለው። 3600 ሲካፈል ለ40፣ 90 ዋት! እውነት 1000 ዋት ቢሆን በየ3.6 ሰከንዱ ብልጭ ባለ ነበር።

1000 ከየት መጣ ታዲያ? ብዙ ጊዜ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ኤልኢዲዎች ቆጥረው፣ እያንዳንዱ በከፍተኛ አቅሙ ሊሸከም በሚችለው ዋት ያባዙታል። 100 ፍሬ በ10 ዋት፣ 1000 ዋት። በተግባር ግን በዚያ አቅም አይሠራም፤ ቢሠራ ይቃጠላል።

ሁለተኛው ስህተቴ ቀለሙ ነው። ይሄኛው የእኔ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን የአስተማሪዎች ስህተት ይመስለኛል። ክሎሮፊል ቀይና ሰማያዊ ይመጣል፣ አረንጓዴን ይመልሳል ብለን ግራፍ እንስላለን። ግራፉ ውሸት አይደለም፤ ግን ከቅጠል ተጨምቆ ፈሳሽ ውስጥ የገባ ክሎሮፊል ግራፍ ነው። ሙሉ ቅጠል ሌላ ነው። ቅጠል ከሚያርፍበት አረንጓዴ ብርሃን አብዛኛውን ያስቀራል፤ ለዓይናችን አረንጓዴ የሚመስለው በሚመልሰው ትንሹ ነው። ማክሪ የሚባል ተመራማሪ በ1972 ባሳተመው ሥራ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው ብርሃን ሁሉ ለፎቶሲንተሲስ እንደሚያገለግል በብዙ ሰብሎች ለክቶ አሳይቷል። ስለዚህ ነጭ ብርሃን ለተክል ብክነት አይደለም። ሐምራዊ ብርሃን ሥር ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ ይሁን ተባይ ይያዘው በዓይን መለየት ያስቸግራል። እኔም ያላየሁት ለዚህ ነው።

ለፍትህ ያህል፣ ጥሩ ቀይ ኤልኢዲ ከሁሉም ይበልጥ ቆጣቢ ነው። ጥራት ያላቸው የችግኝ መብራቶች ነጩ ላይ 660 ናኖሜትር ቀይ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። እኔ የምቃወመው ቀለሙ የጥራት ምልክት ተደርጎ ሲሸጥ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ስህተቴ ትክክለኛውን ጥያቄ አለመጠየቄ ነው። ጥያቄው "ስንት ዋት ነው?" ሳይሆን "ከበላው ዋት ስንት ብርሃን ይሰጣል?" ነው። ዋት ወጪ ነው፤ ብርሃን ገቢ ነው። ለተክል መብራት መለኪያው ማይክሮሞል በጁል ይባላል። በአንድ ጁል ኤሌክትሪክ ስንት ማይክሮሞል ፎቶን ይወጣል ማለት ነው። ጥሩ የሚባለው የዛሬ ኤልኢዲ 2.5 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ርካሹ 1 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል።

ወደ ብር እንቀይረው። አንድ ካሬ ሜትር ሰላጣ በቀን ለ16 ሰዓት፣ በሰከንድ 200 ማይክሮሞል ያህል ቢያገኝ ደህና ያድጋል። ጥቂቱ ብርሃን ወደ ጎን እንደሚባክን ብናስብ፣ 2.5 ለሚሰጠው መብራት 100 ዋት ይበቃዋል። 1 ለሚሰጠው 250 ዋት ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው በወር 48 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ሁለተኛው 120። የቤት ታሪፋችን በእርከን ነው፤ 50ን ስታልፉ ዋጋው ይጨምራል። ከመቶው ዋት አንድ ብቻ ከሰቀላችሁ የመጀመሪያውን እርከን ብቻውን ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ርካሹ መብራት ሲገዛ ነው እንጂ ሲሠራ ርካሽ አይደለም። የእኔ 90 ዋት መብራት ደግሞ 1 ብንሰጠው እንኳ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ከሚያስፈልገው ግማሹን አይሰጥም ነበር። ጎመኖቹ መቅጠናቸው ምን ይገርማል!

መለኪያው ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈስ? ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ ሉመኑን ለ70 አካፍሉ፤ ማይክሮሞል በሰከንድ በግምት ይሰጣችኋል። ያንን ለዋቱ አካፍሉ። በየሱቁ የሚሸጠው 18 ዋት ነጭ ረጅም ኤልኢዲ 1800 ሉመን ካለው 1.4 ይደርሳል። ተራው የቤት መብራት "የችግኝ" ተብሎ ከሚሸጠው ርካሽ ሐምራዊ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው! አራቱን አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ከችግኙ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መስቀል ለችግኝ ማፍያ ይበቃል። በሐምራዊ መብራት ግን ይህን ስሌት አትሞክሩ፤ ሉመን በሰው ዓይን የተሠራ መለኪያ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን፣ መብራት ያስፈልጋችኋል ወይ? የኔዘርላንድ አምራች በታኅሣሥ ቀኑ 8 ሰዓት እንኳ ስለማይሞላለት ያበራል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰከንድ በካሬ ሜትር 2000 ማይክሮሞል ገደማ በነፃ ያፈሳል። "የአበባ እርሻዎችስ ሌሊት ያበሩ የለ?" የሚል አይጠፋም። እነሱ በአብዛኛው ተክሉን ሊመግቡት ሳይሆን፣ ቀኑ ረዥም እንዲመስለው ሊያታልሉት ነው፤ ለዚያ ትንሽ ብርሃን ይበቃል። በረንዳና ጣሪያ እያለን ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆጣሪ ማስቆጠር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ለልጅቷ እንዲህ አልኳት። "ስድስት አትግዢ። በረንዳሽ ፀሐይ ያገኛል?" "ጠዋት ጠዋት" አለችኝ። "እንግዲያው ችግኙን ለሦስት ሳምንት በነጭ መብራት አሳድጊና ሰላጣውን ወደ በረንዳ አውጪ። በሶብላው ፀሐይ ይወዳል፤ እሱን በጥቂቱ ሞክሪ። የተረፈውን ብር ለአፈር፣ ለዘርና ለውሃ ማጠራቀሚያ አድርጊው። ከዚያ በኋላም መብራት ካስፈለገሽ አንድ ብቻ ግዢ፣ በቆጣሪ ለኪው፣ አንድ ዙር አምርተሽ ወጪና ገቢሽን አስይ።"

በማግስቱ ሻጩን ማይክሮሞሉን ጠይቃው "እሱን አላውቅም፤ ግን ብዙ ሰው እየገዛው ነው" አላት። እኔም ያኔ ስለጥፈው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረኝም።

የድሮውን ፖስት አላጠፋሁትም፤ ከሥሩ ይህንን አያይዤበታለሁ። በእኔ ምክንያት የገዛችሁ ካላችሁ ይቅርታ። አትጣሉት፤ ዝቅ አድርጋችሁ ለአንድ ትሪ ችግኝ ተጠቀሙበት። የቆጣሪ ብልጭታችሁን ቆጥራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን። የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ የቤት ሥራ ነው!