አሮጌዋ ብስክሌት ለቁራሌው ከመሸጧ በፊት



ለዛሬ በጅማ ከተማ በአንድ ቤት በራፍ ላይ የተነሣውን ክርክር ይዘንላችሁ ቀርበናል። ቁራሌው ሚዛኑን ይዞ ቆሟል። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ የአባቱን ማውንቴን ብስክሌት ከጓዳ እየጎተተ አውጥቷል። ሰንሰለቷ በዝገት ደርቋል፤ ጎማዎቿም ተሰነጣጥቀዋል። «አባባ፣ ይችን በኪሎ እንሽጣትና የቡናው ገንዘብ ሲገባ ጨምረህበት አዲስ ግዛልኝ» ይላል ልጁ። አባትየው ግን በወጣትነቱ ከቆጪ እስከ መርካቶ ለሥራ የተመላለሰባት ናትና ለመሸጥ አንጀቱ አልቆረጠም። «ልጄ፣ መጀመሪያ አጥንቷን እንይ። አጥንቷ ደኅና ከሆነ አትሸጥም። ከተሰነጠቀ ግን እኔው ራሴ አስረክባታለሁ» አለ።

አባትየው የፈረደው ትክክል ነው። የብስክሌት አጥንቷ ፍሬሟ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይለወጣል። በመጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ ግን በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ቀጥሎ ከመሪው በታች ያለውን አንገት፣ የፔዳሉን እምብርት ዙሪያና የኋላው ጎማ የሚታሰርበትን ቦታ በጨርቅ ጠርጋችሁ በባትሪ ብርሃን መርምሩ። ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካለ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ ብረት ጥሩ ባለሙያ ሊበይደው ይችላል። አሉሚኒየም ግን የብየዳው ሙቀት ስለሚያደክመው ፋብሪካው እንደገና በሙቀት ያጠነክረዋል። ስለዚህ በሰፈር የተበየደ የአሉሚኒየም ፍሬም ለነፍስ አያስተማምንም።

«አሮጌ ማደስ የድሃ ሥራ ነው» የሚል ወጣት ካለ ይህን ይስማ። ማውንቴን ብስክሌት ራሷ የተወለደችው ከእድሳት ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በተባለ አካባቢ ወጣቶች በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ ወፋፍራም ጎማ ያላቸውን ከባድ ብስክሌቶች እየፈለጉ በየጓሯቸው ያድሱ ነበር። በኋላም ጠንካራ ፍሬንና ማርሽ ይገጥሙላቸው ጀመር። በ1976 በጀመሩት የቁልቁለት ውድድር የኋላው ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ ግሪሱ ጢስ ሆኖ ያልቅ ነበር። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እንደገና መሙላት ግድ ሆነባቸው። ውድድሩም «ሪፓክ» የሚል ስም ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ትርጉሙም እንደገና መሙላት ማለት ነው። ጆ ብሪዝ የተባለው ከመካከላቸው አንዱ ለዚሁ ተብሎ የታሰበ አዲስ ፍሬም የሠራው በ1977 ነበር። እንግዲህ በጅማ ወይም በአጋሮ ግቢው ውስጥ አሮጌ ብስክሌት የሚፈታ ልጅ፣ የጀመሯትን ሰዎች ሥራ እየሠራ ነው።

አባትና ልጅ ከዐሱር ሶላት በኋላ ጆንያ አንጥፈው ሥራ ጀመሩ። ልጁ አንድ ብሎን ከመፈታቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያነሣል፤ የተፈታውንም በተራ ይደረድራል። የግራው ፔዳል አልፈታ ሲለው አባትየው ሣቀና «እሱ በተቃራኒው ነው» አለው። በእርግጥም የግራው ፔዳል የሚፈታው የቀኙ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው።

የቆሸሸውን ዕቃ በነጭ ጋዝና ባረጀ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ፤ ሥራው ግን ከእሳት ርቆ በደጅ ይሁን። በብዙዎቹ ማውንቴኖች የኋላው ጎማ እምብርት በእያንዳንዱ ጎን ባለ 1/4 ኢንች 9 ኳሶች፣ የፊቱ ደግሞ ባለ 3/16 ኢንች 10 ኳሶች አሉት። ኳሶቹ ርካሽ ናቸውና በአዲስ ቀይሯቸውና ግሪስ ሙሉ። የምግብ ዘይት አታድርጉ፤ ቆይቶ ሙጫ ይሆናል።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ። የአዲስ ሰንሰለት 12 ሙሉ ጥንድ ከፒን እስከ ፒን ልክ 12 ኢንች ነው። በ1/16 ኢንች ከረዘመ ይለወጥ። በ1/8 ኢንች ከረዘመ ግን የኋላዎቹ ጥርሶችም አብረው በልተዋል። ሁለቱ በአንድነት ካልተለወጡ አዲሱ ሰንሰለት ይንሸራተታል።

ጎማ ስትገዙም «ባለ 26 ነው» በሚል ቃል ብቻ አትመኑ። የማውንቴኑ 26 በጎኑ ላይ 559 የሚል ቁጥር ያለበት ነው። 26 × 1 3/8 የሚለው ግን 590 ስለሆነ አይገጥምም። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ድረስ ለዕቃ ጅማ የሚመጣ ሰው ቁጥሩን ሳይጽፍ ከቤቱ ባይወጣ ይሻለዋል።

ወደ ማሻሻሉ ሲደርሱ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። ልጁ ስፕሪንግ ያለው የፊት ሹካ ፈለገ። አባትየው «መጀመሪያ መቆም፣ ከዚያ መምቾት» አለ። ረጅም ሹካ የአሮጌ ፍሬምን ፊት ከፍ ያደርጋል፣ መሪውን ይለውጣል፣ በአንገቱ ላይም ጫና ይጨምራል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ለብዙ ወራት የሚዘልቅ ነው። ከቀይ አፈሩ ጋር የሚመጣው አሸዋ የፍሬኑን ላስቲክም ቸርኬውንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ጥፍራችሁን በቸርኬው ጎን ላይ አሳልፉ፤ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ጊዜው አልፏል። ሺማኖ በ1996 ያወጣው ቪ ብሬክ ከቀድሞዎቹ ይልቅ በጥንካሬ ይይዛል። ነገር ግን ሽቦውን አርዝሞ የሚስብ የራሱ እጀታ ስለሚፈልግ ከእጀታው ጋር ግዙት። ገንዘቡም ለፍሬን፣ ለሁለት ቸርኬ፣ ለጎማና ለሰንሰለት ዋለ። ሹካው ቀረ።

በመጨረሻው ቀን መጀመሪያ በሜዳ ላይ ሞከሩ። ከዚያም የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ኮረብታ ብስክሌቷን እየገፉ ወጡ። ልጁ የራስ ቁሩን አጥልቆ ቁልቁለቱን ጀመረ። መንገዱን ሳያጋምስ ግን ቆመ። አዲስ የፍሬን ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይላላልና እጀታው ወደ መሪው ቀርቦበት ነበር። አባትየው ከኋላ ሊደርስለት ሲጣደፍ ልጁ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሽቦውን አጥብቆ ጨርሷል። «አባባ፣ አሁን ይይዛል» አለ። አባትየውም እጀታውን ጨብጦ ሞከረና ያለ ቃል መልሶ ሰጠው።

ቁራሌው በማግሥቱ ሲመጣ የተሸጠለት ያረጀው ሰንሰለትና ሁለቱ የተበሉ ቸርኬዎች ብቻ ነበሩ።