ጕልሕና ድፍን

የወፈረ ፊደል ሁሉ ጕልሕ ይባላልን? አይባልም። ዛሬ በመጽሐፍ ሽፋንና በጉባኤ ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ጥቁር ፊደል ጕልሕ ሳይሆን ድፍን ነው። ጕልሕስ የታወቀ የጽሕፈት ዓይነት ነው፤ በጐንደር ዘመን ብዙ የብራና መጻሕፍት ተጽፈውበታል። ቁም ጸሓፊው የብርዑን አፍ ሰፋ አድርጎ ይቈርጥና የፊደሉን እግር ሲያወፍር በእግርና በእግር መካከል ያለውን ነጭ አብሮ ያሰፋዋል፤ ቀለበቱም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን እንኳ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1513 ዓ.ም. በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ሲያሳትም የፊደሉን መልክ የወሰደው ከብራና ነው።

የዛሬው አሳታሚ ግን ቀጭኑን ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦ «አወፍር» ብሎ ያዘዋል። መኪናውም ዳሩን በዙሪያው ያሰፋዋል፤ ውስጡ ይጠባል፤ የኃምሱ ቀለበት ይደፈናል። «ሌሊት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሌ በእግሩ ቀለበት አለው፤ ሊ አጭር ሰረዝ ብቻ። ቀለበቱ ከተደፈነ ፊደል የሚቈጥር ሕፃን በምን ይለያቸዋል? ዐዋቂው ቃሉን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ያልፈዋል፤ የማያውቀው የሰው ስም ሲገጥመው ግን እርሱም ይሰናከላል።

«ካልወፈረ ከሩቅ አይታይም» የሚሉ አሉ። ለርእስ እኔም እቀበላለሁ፤ ዳሩ ግን ከመጀመሪያው በውፍረቱ ታስቦ የተሣለ ይሁን። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክ የተባለው ፊደል ከቀጭን አንሥቶ እስከ እጅግ ጥቁር ድረስ መልክ አለውና አልተቻለም አይባልም። ገጹን ሁሉ በጥቁር መሙላትን ግን ከማን ተማሩት? አባቶቻችን ስመ ማርያምን ለይተው ሊያከብሩ ሲሹ ፊደሉን አላወፈሩም፤ በቀይ ቀለም ጻፉት እንጂ።