ፉከራና ጆይስቲክ

በወሎ፣ በመካነ ሰላም ሰርግ ላይ አንድ ጎልማሳ «ዘራፍ!» ብሎ ከመቀመጫው ቢነሣ ማንም አይደነግጥም። ስንቱን እንደጣለ፣ የማንን ጠመንጃ እንደማረከ፣ ደመኛውን እንዴት እንዳንበረከከ እየዘረዘረ ሲንጎራደድ ሴቶቹ እልል ይሉለታል፣ ልጆቹም ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩታል። ያው ጎልማሳ በማግሥቱ ልጁን ጌም ቤት ውስጥ ጆይስቲክ ጨብጦ ሰው ሲገድል ቢያገኘው ጆሮውን ጠምዝዞ ያወጣዋል። ይህን አባት ግብዝ ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን አልለውም፤ በቅጡ ማስረዳት ቢያቅተውም ልዩነት ታይቶታል።

የእሱን ወገን ላስቀድም። ፉከራ የሚሰማ ልጅ ተመልካች ነው። ጌም የሚጫወተው ግን ጣቱ ቃታው ላይ ነው፤ ሰውየው የሚወድቀው እሱ ስለተኮሰ ነው፣ ሲወድቅም ነጥብ ይቆጠርለታል። በፉከራ የሚነሣው ሟች ስም አለው፣ ዘመድ አለው፤ ፎካሪውም ስሙን ሲጠራ በአደባባይ ነው፣ የሚመጣበትንም ያውቃል። በጌም የሚሞተው የማንም አይደለም፤ ጨዋታው ሲደገም ይነሣል፣ ደግሞ ይገደላል። በዚህ ላይ አገሩ ሰላም ቢሆን አንድ ነገር ነበር። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንቱ ቤተሰብ ልጁን አዝሎ ተሰዷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ውስጥ ነው። የክላሽን ድምፅ ከብሬን ድምፅ ለይቶ ለሚያውቅ ልጅ ስክሪኑ ላይ ያለው ጥይት ቅዠት አይደለም።

የጥናቱ ዓለም ከአባትየው ጋር ግማሽ መንገድ ይሄዳል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው አቋም ኃይል የበዛባቸው ጌሞች ከግልፍተኛ ባሕርይ ጋር እንደሚያያዙ ገለጸ፤ በ2020 ደግሞ ከባድ ወንጀል በተፈጸመ ቁጥር ጌምን ምክንያት ማድረግ በማስረጃ እንደማይደገፍ አሳሰበ። ንዴትና ግድያ ለየቅል ናቸው ማለቱ ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት ግን በሰላም አገር በሚኖሩ ልጆች ላይ ነው፤ ወደ ቦረናና ሳይንት ደጋ ስናመጣቸው ይህን መርሳት የለብንም።

አሁን ወደ ማዶ ልሻገር። የካሊፎርኒያ ግዛት እንዲህ ያሉ ጌሞች ለልጆች እንዳይሸጡ ሕግ አውጥታ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በሰባት ለሁለት ድምፅ ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱ የልጆች ተረት ድሮም በደም የተሞላ ነው የሚል ነበር። እኛ ለዚህ ፈረንጅ አያስፈልገንም፤ አያ ጅቦ ስንቱን በልቶ አይደል ያደግነው? ከተረቱ አልፎ ጽሑፉም እንዲሁ ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ያለ ግፍና ያለ ሞት አይቆምም። በዚሁ በወሎ መሬት የሚገኘው መቅደላም ስንት ልብ ወለድ፣ ስንት ተውኔት ወልዷል፤ ሁሉም የሚያልቀው ራሱ ላይ በተኮሰ ንጉሥ ነው። ጥበብ ሞትን ካላሳየን ክብደቱን ከየት እናውቀዋለን?

ጌምም ይህን ሊያደርግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፖላንዶች «ዚስ ዋር ኦፍ ማይን» የሳራዬቮን ከበባ መነሻ አድርጎ የተሠራ ነው። ተጫዋቹ ወታደር አይደለም፤ በተከበበ ከተማ ምግብና መድኃኒት የሚፈልግ ተራ ሰው ነው፤ ከሽማግሌ ጎረቤቱ ሰርቆ ቢተርፍ ጸጸቱ ተከትሎት ይገባል። የፖላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ጌም በትምህርት ቤት የንባብ ዝርዝር እንደሚያስገባ አስታወቀ። ጦርነትን ከዚህ በላይ የሚያስጠላ ስብከት እጠራጠራለሁ።

ጌም ይታገድ ከተባለ የቅድመ ምርመራ ጉዳይ መነሣቱ አይቀርም፤ በዚህ ረገድ የእኛ ታሪክ አሳፋሪም አስተማሪም ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተከለከለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተውኔት «ፋቡላ» ነው፤ ተዋናዮቹ እንስሳት ነበሩ፤ ያስከፋው በሹማምንት ላይ ያላገጠው ነገር ነው። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ታገደ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። «ኦሮማይ» የጦርነት መጽሐፍ ነው፤ ሳንሱሩን ያስቆጣው ግን ደሙ አልነበረም፣ በሥልጣን ላይ ያሉትን ሰዎች ማሳየቱ እንጂ። የኢጣሊያው ገዥ ግራዚያኒም ከየካቲት 12ቱ የግድያ ሙከራ በኋላ አዝማሪና ጠንቋይ እየተለቀመ እንዲገደል ሲያዝ ያስፈራው የዘፈኑ ጭካኔ አይደለም፤ ወሬው ነው። በእኛ አገር መቀስ የያዘ ሁሉ ጥይቱን አይቶ አያውቅም፤ የሚያየው ጥይቱ ወደማን እንደዞረ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ። «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ መንገደኛ መግደል የሚቻልበት ጌም ነበር፤ በአሜሪካ ዕድሜው ወደ አዋቂ ብቻ ከፍ ብሎ ከሱቅ የወረደው ግን በዓመቱ የተደበቀ የወሲብ ትዕይንት ስለተገኘበት ነው።

ስለዚህ «ይታገድ» የሚለውን ስሰማ «በማን?» እላለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ይከለክላል፤ ያው አንቀጽ ግን የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሕግ እንዲወጣ ይፈቅዳል፣ የጦርነት ቅስቀሳም በሕግ እንዲከለከል ያዛል። ሁለቱ አይጋጩም። ልጁን በር ላይ ማስቆም ሌላ፣ ሥራውን ከመወለዱ በፊት ማነቅ ሌላ።

በሩ ላይ ነው እንግዲህ አባትየው ትክክል የሚሆነው። የገና ጨዋታ አጥንት ይሰብራል፣ ጉግስም ሰው ከፈረስ ይጥላል፤ ሆኖም ሁለቱም ቀን አላቸው፣ ሜዳ አላቸው፣ በቃ የሚል ሽማግሌ አላቸው። በገና ጌታም አይቆጣም የተባለው ገና አንድ ቀን ስለሆነ ነው። ፉከራም ቢሆን ልጓሙ ሁሌ አልያዘም፤ በሰርግ ተጀምሮ በደም መመለስ ያለቀ ቤት በየአገሩ አለ። ጌም ቤት ግን ከናካቴው ልጓም የለውም። በአሜሪካ ከ1994፣ በአውሮፓ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጌም ካርቶን ላይ ዕድሜ ይጻፋል። በፍላሽ ተገልብጦ የመጣ ጌም ካርቶን የለውም። ዕድሜውን የሚለየው ብሩን የሚቀበለው ልጅ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ አሥራዎቹን አልጨረሰም። እውነቱን ለመናገር ወንበሩን አጣቦ የሚይዘው ኳስ ነው፤ ተኩሱ ሁለተኛ ነው። ለተኩሱ የአንድ ቀበሌ ደንብና የሚከታተለው ሰው ይበቃል፤ አዲስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አያሻም።

ከባዱ ሌላ ነው። ነገ አንድ ወጣት በ2014 ዓ.ም. ደሴ ላይ የሆነውን በጌም ቢሠራው? «ሲክስ ዴይስ ኢን ፋሉጃ» እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታወቅ ጩኸት ተነሥቶ አሳታሚው ጣለው፤ ለተጫዋች የደረሰው በ2023 ነው። የእኛ ቁስል ከዚያ የባሰ ትኩስ ነው። ተጫዋቹን በተያዘች ከተማ ዱቄት የምትደብቅ እናት የሚያደርገውን ጌም እኔ በደስታ እቀበላለሁ። አንድን ብሔር ዒላማ አድርጎ ነጥብ የሚሰጠውን ግን አልቀበልም። ስለ ጥላቻ ንግግር የወጣው አዋጅ 1185/2012 ለኪነ ጥበብ ሥራ ከለላ ሰጥቷል፤ ያ ከለላ ሁለቱን ጌሞች እንዲለይ እፈልጋለሁ። የሚለየው ሥራው ከወጣ በኋላ በችሎት የተቀመጠ ዳኛ ይሁን፤ ሠሪው ቆሞ ይከራከር፣ የተጎዳውም ይሰማ። «ኦሮማይ»ን የሰበሰበው እጅ ግን ይህን ፋይል እንዲያገኝ አልፈልግም።